የኒውትሮን ኮከብ (ግዙፍ ኮከብ ሲፈነዳ የሚቀረው እጅግ የታመቀ ቅሪት) ተመራማሪ ልሁን ካላችሁ፦ ምልከታ ወይስ ንድፈ ሐሳብ?

ምልከታ፦ ቴሌስኮፕ በወረፋ ነው። ማመልከቻችሁ ውድቅ ከሆነ ሥራው ይጓተታል። ግን ሰማዩ ያልጠበቃችሁትን ይሰጣችኋል። እ.ኤ.አ. በ1967 የዶክትሬት ተማሪዋ ጆስሊን ቤል የሬዲዮ ቴሌስኮፕ ረጅም የመመዝገቢያ ወረቀት ስትፈትሽ አንዲት ትንሽ ጭረት አየች። ችላ አላለቻትም። በየ1.3 ሰከንዱ የሚመላለስ ምት ሆኖ ተገኘ፤ የመጀመሪያው ፑልሳር፣ ማለትም እየተሽከረከረ የሬዲዮ ምት የሚልክ የኒውትሮን ኮከብ! እኔን ሁሌም የሚገርመኝ ትዕግሥቷ ነው።

ንድፈ ሐሳብ፦ ለመጀመር ወረቀትና ኮምፒውተር ይበቃል። ስጋቱ ጊዜ ነው። የሥነ ፈለክ ተመራማሪዎቹ ባዴና ዝዊኪ የኒውትሮን ኮከብ አለ የሚለውን ሐሳብ ያቀረቡት እ.ኤ.አ. በ1934 ነበር፤ ማረጋገጫው ከ30 ዓመት በላይ ቆየ።

ከዳታ ጫጫታ ውስጥ ምልክት መፈለግ የማይሰለቸው ሰው ምልከታን ይያዝ። ከፀሐይ የሚበልጥ ቁስ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት ውስጥ ሲታጨቅ መሃሉ ምን ይሆናል የሚለው ጥያቄ እንቅልፍ የሚነሳው ደግሞ ወደ ንድፈ ሐሳብ ይሂድ።