«ፒራሚድና ጓዳሉፔ በአንድ ቀን» ለሚሏችሁ ገንዘባችሁን አትስጡ

ሜክሲኮ ሲቲ ለመሄድ ያሰባችሁ፣ በተለይ እናት አባታችሁን ይዛችሁ የምትሄዱ፣ እባካችሁ ይህን አንብቡ። ሊነጋ ሲል ወደ ዋሽንግተን እንበራለን። እማዬ አጠገቤ ተኝታለች፤ እኔን ንዴቱ እንቅልፍ ነሳኝ።

መቼም ታውቋቸዋላችሁ። ሆቴል ድረስ መጥተው በቫን የሚወስዱት አስጎብኚ ድርጅቶች፣ «አነስተኛ ቡድን፣ እንግሊዝኛ ተናጋሪ አስጎብኚ፣ ቴኦቲዋካንና የጓዳሉፔ እመቤታችን በአንድ ቀን» የሚሉት። ቴኦቲዋካን ፒራሚዶቹ ያሉበት ጥንታዊ ከተማ ነው። ማስታወቂያቸው ላይ የዚያ ከተማ ትልቁ፣ የፀሐይ ፒራሚድ፣ አናት ላይ ወጥተው እጃቸውን የዘረጉ ሰዎች አሉ። ያንን ፒራሚድ መውጣት እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ ክልክል ነው። ፎቶው ግን እስከ ዛሬ ደንበኛ ይጠራላቸዋል።

የሄድነው ለእማዬ ብለን ነው። እሷ ኦርቶዶክስ ናት፣ ቦታው የካቶሊክ መሆኑንም ታውቃለች። «የእመቤቴ ስም ከተጠራበት ምን ቸገረኝ» አለች። እ.ኤ.አ. በ1531 ቴፔያክ ኮረብታ ላይ ሁዋን ዲዬጎ ለሚባል የአገሬው ተወላጅ መገለጧን፣ ጳጳሱ ምልክት አምጣ ሲለው በብርድ ወራት ያበበ ጽጌረዳ በኩታው ቋጥሮ መሄዱን፣ ኩታውን ሲፈታው ሥዕሏ ተስሎበት መገኘቱን ስነግራት እንባዋ ወረደ። ኩታው ከቃጫ የተሠራ ነው ይባላል፤ ዛሬም እዚያው ባዚሊካው፣ ማለትም በስሟ የተሠራው ትልቁ ቤተ ክርስቲያን፣ ውስጥ ተሰቅሎ አለ። እማዬ ማየት የፈለገችው እሱን ብቻ ነበር። ስለዚህ ከመክፈሌ በፊት ባዚሊካው ጋ ስንት ሰዓት እንደምንቆይ በጽሑፍ ጠየቅኩ። «አንድ ሰዓት ተኩል» ብለው መለሱልኝ። መልእክቱ አሁንም ስልኬ ላይ አለ። በሰው 65 ዶላር ከፈልን፤ ምሳም የመግቢያ ትኬትም እንደማይጨምር የነገሩን ቫኑ ውስጥ ከገባን በኋላ ነው።

ቴኦቲዋካን ከከተማው ወደ ሰሜን ምሥራቅ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በጠዋት የወጣነው ፀሐዩ ሳይበረታ እንድንደርስ መስሎን ነበር። የወሰዱን ግን ቀጥታ ወደ ሱቅ ነው። መጀመሪያ ከማጌይ ተክል ክር ሲመዝዙ አሳዩን፣ ፑልኬና ተኪላ አቀመሱን፣ ከዚያ ከባልጩት የተፈለፈለ ሐውልትና ጌጥ ወደሞላበት አዳራሽ አስገብተው ይዘውን ቆሙ። አስጎብኚው ከሻጮቹ ጋር ይሳሳቃል፣ ማን ምን እንደገዛ ይከታተላል። ኮሚሽኑ ከየት እንደሚመጣ ለእናንተ አልነግርም።

ፒራሚዶቹ ጋ ስንደርስ ፀሐይዋ አናት ትበሳ ነበር። ከፍታው 65 ሜትር ለሚጠጋ ፒራሚድ፣ ከሁለት ኪሎ ሜትር በላይ ለሚረዝም የሙታን ጎዳና፣ አንድ ጊዜ ከመቶ ሺህ ሰው በላይ ለኖረበት ከተማ፣ የሰጠን ማብራሪያ በሩ ላይ ቆሞ «አዝቴኮች የሠሩት ነው» ማለት ብቻ ነው። እሱም ስህተት ነው። አዝቴኮች ሲደርሱበት ከተማው ከተፈታ ብዙ መቶ ዓመት አልፎት ነበር፤ እነሱ ስም ነው ያወጡለት። ያንን ደጋግሞ በሰው ገንዘብ መናገር ያሳፍራል።

ይህን ሁሉ ግን እችለው ነበር።

ከተማ ተመልሰን ባዚሊካው ሰፈር ስንደርስ ቫኑ የቆመው ከግቢው ማዶ ያለ ሱቅ በር ላይ ነው። መቁጠሪያ፣ ሻማ፣ ሜዳሊያ፣ «ቄስ የባረከው» እያሉ አንድ በአንድ ያሳዩን ጀመር። ከሱቁ ደጃፍ የአዲሱ ባዚሊካ አረንጓዴ ጣሪያ ይታያል። ጊዜው ይሄዳል። በመጨረሻ አስጎብኚው አጨበጨበና «መጸዳጃ ቤት የምትፈልጉ አሁን፣ ከዚያ ወደ ቫን» አለ።

እማዬ እጄን ያዘችና «ሥዕሏስ?» አለችኝ። ጠየቅኩት። ሰውዬው ዞር ብሎ እንኳ አላየኝም። እጁን ወደ ግድግዳው ዘረጋና በመስታወት ተገጥሞ የተሰቀለ የታተመ ሥዕል አሳየን። ጥጉ ላይ የዋጋ ወረቀት ተለጥፎበታል። «ይቺው ናት። አንድ ዓይነት ናት። ውስጥ ሰው ይበዛል፣ እዚህ ፎቶ አንሻት» አለኝ።

እማዬ ምን እንዳለ እንድነግራት ዓይን ዓይኔን ታያለች። አፌ አልታዘዝ አለኝ። ስልኬን አውጥቼ የጻፉልኝን አሳየሁት። «እሱን የጻፈው ቢሮ ነው፣ እኔ የማውቀው መንገዱ መዘጋጋቱን ነው። ቫን ውስጥ ያልተገኘ ይቀራል» አለና ወደ ሻጯ ተመለሰ። ሌሎቹ ተሳፋሪዎች ሰዓታቸውን ማየት ጀመሩ። እማዬ ጉልበቷን ያማታል፣ ቀኑን ሙሉ ስትቆም ስትነሳ ውላለች። «ተይ ልጄ፣ በእኛ ምክንያት ሰው አይቁም፤ እሷ ባለሁበት ትሰማኛለች» አለችኝ። አስፋልቱ ዳር ቆማ ወደ አረንጓዴው ጣሪያ ዞረች፣ አማተበች፣ ጎንበስ ብላ ተሳለመችና ቫኑ ውስጥ ገባች።

የሚያቃጥለኝ ደግሞ ይህ ነው፦ ሥዕሏን ለማየት ረጅም ጊዜ አያስፈልግም። እ.ኤ.አ. በ1976 የተመረቀው አዲሱ ባዚሊካ ሲሠራ ታስቦበታል፤ ከሥዕሉ ሥር ቆመውበት የሚያንሸራትት መንገድ አለ፣ ቅዳሴ እየተቀደሰም ቢሆን ሰው ሳይረብሽ ያልፍበታል። ያቺን ጥቂት ደቂቃ ነው ለመቁጠሪያ ሽያጭ የወሰዱባት። ሆቴል ስንደርስ ያው ሰው የጉርሻ ፖስታ አዞረ። ቢሮው ጋ ደወልኩ፤ «ባዚሊካው ጋ ደርሳችኋል፣ ገንዘብ አይመለስም» አሉኝ።

የምትሄዱ ከሆነ ሁለቱን ለየብቻ ሂዱ። ባዚሊካው መግቢያው ነፃ ነው፣ በሜትሮ መስመር 6 ላ ቪያ ባሲሊካ ጣቢያ ወርዳችሁ በእግር ትደርሳላችሁ። ለፒራሚዶቹ ከሰሜን አውቶቡስ ተራ፣ ከቴርሚናል ዴል ኖርቴ፣ አውቶቡስ አለ። አስጎብኚ ከፈለጋችሁ የመንግሥት መታወቂያ ያለውን፣ ሱቅ እንደማያስገባችሁ አስምላችሁ። የድርጅቱን ስም የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ከነደረሰኙ እልክላችኋለሁ።