ከቶንጋ እስከ ኒው ዚላንድ በሸራ ጀልባ በሰላም ላደረሱን ካፒቴን የቀረበ ምስጋናና ጥቆማ

ባለፈው ጥቅምት መጨረሻ በደቡብ ፓስፊክ ካለችው የደሴቶች አገር ከቶንጋ፣ ከዋና ከተማዋ ከኑኩአሎፋ ተነሥተን፣ 12 ሜትር ርዝመት ባላት የሸራ ጀልባ በ14ኛው ቀን በሰሜን ኒው ዚላንድ ወደምትገኘው ኦፑአ ወደብ ገብተናል። በጀልባዋ ላይ የነበርነው አራት ሰዎች ስንሆን እኔ ከሦስቱ ሠራተኞች አንዱ ነበርሁ። ይህን የምጽፈው የጀልባዋን ባለቤትና ካፒቴን በአደባባይ ለማመስገንና እንዲህ ያለ ጉዞ ለሚያስቡ ወገኖቼም እሳቸውን ለመጠቆም ነው። ካፒቴናችን ስድሳ ዓመት ያለፋቸው ሴት ናቸው። ስማቸውና ስልካቸው በየቦታው እንዲበተን ስላልፈለጉ እዚህ አላሰፍረውም፤ በውስጥ መስመር የሚጠይቀኝን ግን እሳቸውን አስፈቅጄ አገናኘዋለሁ።

ምስጋናዬ ለምን እንደበዛ እንዲገባችሁ ከዚህ በፊት የደረሰብኝን ልናገር። ተወልጄ ያደግሁት ባሕር ዳር ነው፤ የልጅነት የውሃ ልምዴም ጣና ላይ ታንኳ ከመቅዘፍ አያልፍም። ኦክላንድ መጥቼ በአረጋውያን መንከባከቢያ ቤት መሥራት ከጀመርሁ በኋላ ግን የሸራ ጀልባ ፍቅር ያዘኝ፤ ሦስት ዓመት ያህልም በሳምንት አንድ ምሽት በወደቡ ውስጥ በሚደረጉ ውድድሮች ላይ ገመድ ስጎትት ቆየሁ። ከዚያ በማስታወቂያ ያገኘሁት ሌላ ሰው ወደ ፊጂ ሊወስደኝ ቃል ገብቶ ገንዘብ አስቀድሞ ተቀበለኝ። ለመነሣት አራት ቀን ሲቀረን የነፍስ አድን ጀልባውን ሣጥን ባየው ምርመራው ጊዜው ካለፈ አራት ዓመት ሆኖታል። ስጠይቀው ሳቀብኝ፤ እኔም ሻንጣዬን ይዤ ወረድሁ። ገንዘቤን እስከ ዛሬ አልመለሰልኝም። ስሙን ማንሣት አያስፈልግም፤ ይህን ያነሣሁት ሰው በመልካም ንግግር ብቻ ተማምኖ ባሕር መውጣት እንደሌለበት ለማስታወስ ነው።

የአሁኗ ካፒቴን በስልክ መጀመሪያ የጠየቁኝ ስለ ልምዴ አልነበረም። «በጣም በፈራህ ጊዜ ምን ታደርጋለህ? ትጮሃለህ፣ ዝም ትላለህ ወይስ ሥራ ትሠራለህ?» አሉኝ። ዝም እንደምል በሐቅ ነገርኋቸው። «እንግዲያው ዝም ስትል አይሃለሁ» ብለው ወደ ሌላ ጉዳይ ገቡ። ስምምነታችን ቀላል ነበር፤ የምግቡን ወጪ ለአራት እንካፈላለን፣ ነዳጁንና የወደቡን ክፍያ እሳቸው ይችላሉ፣ የአውሮፕላን ትኬቴን እኔ እገዛለሁ፣ ለመሳፈሪያ የሚጠየቅ ምንም ገንዘብ የለም። ይህንንም ሁሉ በጽሑፍ አድርገው ላኩልኝ።

ብዙ ሰው የማያስበውን አንድ ነገር ደግሞ ሳልጠይቃቸው አደረጉልኝ። ወደ ደሴት በአውሮፕላን ሄዶ በጀልባ የሚመለስ ሰው የመመለሻ ትኬት ስለማይኖረው አየር መንገዱ ላያሳፍረው ይችላል። ካፒቴናችን የጀልባዋን ስምና የምዝገባ ቁጥር፣ የእኔን ስም በሠራተኛነት የሚገልጽ፣ የተፈረመበት ደብዳቤ ከምዝገባ ሰነዱ ቅጂ ጋር አስቀድመው ልከውልኝ ነበር። ኦክላንድ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ የትኬት ሠራተኛዋ መመለሻህ የታለ ስትለኝ ያወጣሁት ይህንኑ ወረቀት ነው፤ አለቃዋን ጠርታ ካሳየችው በኋላ አሳለፉኝ። እንደ እኛ የቪዛ ጣጣ አብሮት ለሚዞር ሰው ይህ ቀላል ውለታ አይደለም።

ኑኩአሎፋ እንደደረስሁ አንድ ሙሉ ቀን ጀልባዋን በማሳየት አሳለፉ። የነፍስ አድን ጀልባው የተመረመረበትን ቀን ሳልጠይቅ አሳዩኝ፤ በአደጋ ጊዜ በ406 ሜጋኸርዝ ወደ ሳተላይት የሚጣራውን መሣሪያ በማን ስም እንደተመዘገበ አስነበቡኝ። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ዓይኔን በሻሽ አሰሩና ከወለሉ ሥር ያሉትን የውሃ ማስገቢያና ማስወጫ ቫልቮች በእጄ እየዳበስሁ አንድ በአንድ እንድዘጋ አዘዙኝ። መጀመሪያ ላይ ጨዋታ መስሎኝ ነበር። ሦስተኛው ቫልቭ ጋ ስደርስ ጀልባ የሚሰጥመው በቀን ብርሃን ብቻ እንዳልሆነ ገባኝ።

ከዚያ መጠበቅ መጣ። በዚያ አካባቢ የአውሎ ነፋስ ወቅት የሚባለው በእኛ አቆጣጠር ከጥቅምት 22 እስከ ሚያዝያ 22 ያለው ጊዜ ስለሆነ፣ በጥቅምት መጨረሻ ደሴቶቹ ላይ ያለ ጀልባ ሁሉ ወደ ደቡብ ለመውረድ ይቸኩላል። ይሁን እንጂ ኒው ዚላንድ አጠገብ ያለው ባሕር ሌላ ፈተና አለው፤ ከአውስትራሊያ በኩል ከፍተኛ የአየር ግፊት ያላቸው ሰፋፊ ክልሎች በሳምንት አንድ ያህል እየተከታተሉ ወደ ምሥራቅ ያልፋሉ፣ በየመካከላቸውም ኃይለኛ ነፋስና ማዕበል ይዞ የሚመጣ ክፍተት አለ። ጥበቡ ያ ክፍተት ካለፈ በኋላ መድረስ ነው። ካፒቴናችን ይህን በነጭ ወረቀት ላይ እየሣሉ አስረዱን፤ በ1994 እ.ኤ.አ. በጁን ወር ከኒው ዚላንድ ወደ ቶንጋ ሲጓዙ የነበሩ ጀልባዎች በድንገተኛ ማዕበል ተይዘው 21 ሰዎች ከባሕር እንደተነሡና ሦስት ሰዎች እንደሞቱም ነገሩን። ከዚያም ስድስት ቀን ጠበቅን። ከጎናችን የነበሩ ጀልባዎች በየቀኑ መልህቃቸውን እየነቀሉ ሲሄዱ መቀመጥ ያሳፍር ነበር።

በመካከሉ እሑድ ነበረበት። ቶንጋ ውስጥ ሰንበት በሕገ መንግሥት የተከበረ ስለሆነ ሱቁ ሁሉ ይዘጋል፤ ከየቤተ ክርስቲያኑ የሚወጣው የመዝሙር ድምፅ በውሃው ላይ እየተንሳፈፈ ጀልባችን ድረስ ይደርስ ነበር። ያን ቀን አገሬ ያለሁ መሰለኝ። የዓመት ፈቃዴ ማለቁ ግን አላስቀመጠኝም፤ ሥራዬን እንዳላጣ እንደምፈራ ብነግራቸው «ለአሠሪህ ደብዳቤ እጽፍለታለሁ፤ ለማዕበሉ ግን የምጽፈው ደብዳቤ የለኝም» አሉኝ። ደብዳቤውንም በዚያው ምሽት በሳተላይት ላኩት፤ አለቃዬ አንድ ሳምንት ጨመረልኝ።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት ባልተርካቸው ደስ ይለኝ ነበር። ከወደቡ እንደወጣን አንጀቴ እስኪገለበጥ አስታወከኝ፤ የገባው ውሃ እንኳ አልረጋ አለኝ። እዚህ ላይ ያደረጉልኝን አልረሳም። ውስጥ ገብቼ እንድተኛ አልፈቀዱልኝም፤ ባልዲ በጉልበቴ መካከል አድርገው መሪውን አስያዙኝና ዓይኔን ከአድማሱ እንዳልነቅል ነገሩኝ። በየግማሽ ሰዓቱ የዝንጅብል ሻይ በማንኪያና ደረቅ ብስኩት ይሰጡኛል፤ ሲመልሰኝ ባልዲውን ራሳቸው አጥበው መልሰው ያስቀምጡልኛል። ከእኔ ይልቅ በዕድሜ ለእናቴ የሚቀርቡ ሴት ባልዲዬን ሲያጥቡ ማየት አሳፍሮኝ ይቅርታ ብላቸው፣ እሳቸውም በወጣትነታቸው በእያንዳንዱ ጉዞ እንደሚታመሙ ነግረውኝ ወሬውን ዘጉት። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ሽሮ ወጥ እንደሸተተው ልጅ ርቦኝ ነቃሁ።

ያን ጠዋት የገባነው ሚነርቫ ወደሚባለው የኮራል ቀለበት ነው። ኑኩአሎፋ ካለችበት ከቶንጋታፑ ደሴት በስተደቡብ ምዕራብ 260 የባሕር ማይል (480 ኪሎ ሜትር ገደማ) ያህል ርቆ፣ በውቅያኖሱ መካከል ብቻውን ያለ ቦታ ነው። መሬት የለውም፣ ዛፍ የለውም፤ ባሕሩ ሲሞላ ቀለበቱ ራሱ ውሃ ሥር ይገባና የሚታየው በዙሪያው የሚሰበረው የነጭ አረፋ መስመር ብቻ ነው። በአንዲት ጠባብ በር ገብተን በመሃሉ መልህቅ ጣልን፤ ውጭ ውቅያኖሱ ሲያገሳ እኛ በጸጥታ ተቀመጥን። ስሙን ያገኘው በ1829 እ.ኤ.አ. እዚያ ከተሰበረች የዓሣ ነባሪ አዳኞች መርከብ ነው። በ1962 እ.ኤ.አ. ደግሞ አንዲት የቶንጋ ጀልባ ከሁለቱ የሚነርቫ ቀለበቶች በደቡባዊው ላይ ተሰብራ፣ የተረፉት ሰዎች ቀድሞ እዚያው በተሰበረ የጃፓን መርከብ ቅሪት ውስጥ ሦስት ወር ያህል ኖረዋል። ምስር ወጥ የሠራሁት እዚህ ነው፤ በርበሬው ሁለቱን ባልደረቦቼን አስለቅሷል፣ ካፒቴናችን ግን ድስቱን በዳቦ ጠረጉት።

የእሳቸውን ሙያ በቅርብ ያየሁት በዚሁ ቦታ ነው። ሁልጊዜ ጠዋት፣ ቡና እንኳ ሳይቀምሱ፣ በባዶ እግራቸው ከጀልባዋ ጫፍ እስከ ጫፍ ጎንበስ ብለው እየተመለከቱ ይዞራሉ። በሁለተኛው ጠዋት ከምሰሶው ሥር አንዲት ነገር አነሡና በመዳፋቸው አሳዩኝ፤ እንደ ፀጉር መያዣ የታጠፈች፣ ከጣት ጥፍር እምብዛም የማትበልጥ ቁራጭ ሽቦ ነበረች። እኔ ብሆን ወደ ውሃው እጥላት ነበር። እሳቸው ግን የወደቀችበትን ቦታ ሳያገኙ እንደማይበሉ ነግረውን በገመድ በሚሳብ ወንበር ምሰሶው ላይ አስወጡን፤ ከአንድ ሰዓት ፍለጋ በኋላም ምሰሶውን ወጥሮ ከሚይዘው የብረት ገመድ ላይ፣ አንዱን ብሎን እንዳይወጣ የምትይዘው እሷ እንደነበረች ተገኘ። ብሎኑ ግማሽ መንገድ ወጥቶ ነበር። በዚያ ሁኔታ ወጥተን ቢሆን ኖሮ ከፊታችን ካለው 800 የባሕር ማይል ውስጥ የትኛው ላይ ምሰሶው ይወድቅብን እንደነበር እግዚአብሔር ያውቃል።

አምስት ቀን ጠብቀን የመጨረሻውን መንገድ ጀመርን። ሦስታችን በየሦስት ሰዓቱ እየተፈራረቅን ስንጠብቅ፣ ካፒቴናችን ተራ ሳይዙ ልብሳቸውን እንደለበሱ ከደረጃው ሥር ይተኙ ነበር። ትእዛዛቸው ሁለት ነው፤ ከደረጃው ብቅ ከማለታችሁ በፊት የደህንነት ቀበቷችሁን እሰሩ፣ ጥርጣሬ በገባችሁ ጊዜ ቀስቅሱኝ። በአራተኛው ሌሊት ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ በስተግራ አንድ ነጭ ብርሃን አየሁ። ኮከብ ይሆናል ብዬ ጥቂት ቆየሁ፤ ለማይረባ ነገር ቀሰቀሰን እንዳልባልም አመነታሁ። ከዚያ ከጎኑ፣ መርከቦች በግራ ጎናቸው የሚያበሩት ቀይ ብርሃን ወጣ፤ ጠራኋቸው። የጭነት መርከብ ነበር፣ በአካባቢው ያሉ መርከቦችን የሚያሳየው ስክሪንም ከግማሽ የባሕር ማይል ባነሰ ርቀት ሊያልፈን እንደሆነ ያሳይ ነበር። በሬዲዮ በ16ኛው መስመር ጠርተው ተነጋገሩና መርከቡ አቅጣጫውን ለወጠ። ተመልሰው ሲወርዱ ቶሎ ስላልቀሰቀስኋቸው ይቆጡኛል ብዬ ስጠብቅ፣ ለስንት ደቂቃ እንዳመነታሁ ብቻ ጠየቁኝ። አራት ደቂቃ ያህል አልኋቸው። «በሚቀጥለው ጊዜ አንድ ይበቃል» አሉኝ።

የጠበቅነው የአየር ክፍተት ፊት ለፊታችን አልፎ ስለነበር ያገኘን ጅራቱ ብቻ ነው፤ አንድ ቀን ከሌሊት 35 ኖት ነፋስ ነፈሰ፣ ይህም በሰዓት 65 ኪሎ ሜትር ገደማ ማለት ነው። ሸራውን ሁለት ደረጃ አጥፈን አሳነስነውና እየተናጥን አለፍነው። በዚያች ሌሊት ዝም ብዬ ነበር። እንዳሉትም አዩኝ፤ ፓምፑን እንድሠራ ላኩኝ።

ኒው ዚላንድ የሚገባ ጀልባ ቢያንስ ከ48 ሰዓት በፊት መድረሱን ማሳወቅ፣ የታችኛው አካሉም ከባሕር አረምና ከሚጣበቁበት የባሕር እንስሳት የጸዳ መሆን አለበት። ካፒቴናችን ይህን ሁሉ አስቀድመው ፈጽመው ስለነበር ፍተሻ እንደምንጠብቅ የሚያመለክተውን ቢጫ ባንዲራ ሰቅለን ኦፑአ ስንደርስ ፍተሻው ሁለት ሰዓት አልፈጀም። ማር ግን ወደ አገሩ ሲገባ ጥብቅ ቁጥጥር ስላለበት፣ ከቶንጋ የገዛሁትን ማር ከመድረሳችን በፊት ባለው ቀን አራታችን በማንኪያ ጨረስነው።

እንከን የላቸውም አልልም። በንጹሕ ውሃ አጠቃቀም ላይ ከመጠን በላይ ጥብቅ ናቸው፤ ገላ መታጠብ በሁለት ሊትር ነው። ንግግራቸው አጭርና ደረቅ ስለሆነ ሞቅ ያለ አቀባበል የሚፈልግ ሰው የመጀመሪያዎቹን ቀናት ሊከፋው ይችላል። ቡናቸው ደግሞ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ቡና ለማለት ያስቸግራል። ሽርሽር ለሚፈልግ፣ የመመለሻ ቀኑን መቁረጥ ለሚገባውና አንድ ሳምንት መዘግየት ሥራውን ለሚያሳጣው ሰው ይህን ጉዞ አልመክርም። ባሕር ላይ መሥራትን ከሥሩ መማር ለሚፈልግ ግን ከእሳቸው የተሻለ አስተማሪ አላየሁም።

በሚመጣው ግንቦት ወደ ቶንጋ ይመለሳሉ፤ ሁለት ሠራተኞች ይፈልጋሉ። ረጅም የሥራ ልምድ ማስረጃ አትላኩላቸው። የባሕር ሕመም ይይዛችሁ እንደሆነ፣ ምን መድኃኒት እንደምትወስዱና ስትፈሩ ምን እንደምታደርጉ በአንድ ገጽ ጽፋችሁ ለእኔ ብታደርሱኝ አስተላልፍላችኋለሁ። የኢትዮጵያ ፓስፖርት ብቻ የያዛችሁ ካላችሁ የቶንጋና የኒው ዚላንድ ቪዛችሁን ጀልባው ከመነሣቱ ብዙ ወራት ቀደም ብላችሁ ጠይቁ፤ ካፒቴናችን ደብዳቤውን ይጽፉላችኋል።