የዲዛይን መጽሐፍ ከመግዛታችሁ በፊት፦ የትኛው ለየትኛው ችግር?

የግራፊክ ዲዛይን መጻሕፍትን የሚዘረዝሩ ምክሮች አንድ ችግር አለባቸው። ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ሲያስፈልግ የሚገለጥን ማጣቀሻ፣ በመቀስና በወረቀት የሚሠራን የልምምድ መጽሐፍ እና በአንድ ምሽት ተነቦ የሚያልቅን የፈጠራ ምክር በአንድ ሚዛን ይመዝናሉ። ገዢው ራሱን ሊጠይቅ የሚገባው «ሥራዬ የሚበላሽብኝ የቱ ጋ ነው?» ብሎ ነው።

የሠራችሁት ፖስተር ደስ ሳይላችሁ ቀርቶ ምክንያቱን መለየት ካቃታችሁ፣ የሮቢን ዊልያምስ «ዘ ነን-ዲዛይነርስ ዲዛይን ቡክ» ይበቃችኋል። መጀመሪያ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1994 ነው። ዋና ትምህርቱ አራት ነገር ነው፦ ንፅፅር፣ ድግግሞሽ፣ አሰላለፍና ቅርበት። አንድን ገጽ ከመታረሙ በፊትና ከታረመ በኋላ ስለሚያሳይ ዓይን ቶሎ ይለምዳል። የምሳሌዎቹ መልክ አርጅቷል፤ ብዙ ገጽ ያለው ሥራ ሲመጣም ብዙ አያራምድም።

ታይፖግራፊ (የፊደል አመራረጥና አደራደር) ላይ ፉክክሩ በሁለት መካከል ነው። የኤለን ላፕተን «ቲንኪንግ ዊዝ ታይፕ» በፊደል፣ በጽሑፍና በግሪድ (ገጽን በክፍሎች የሚከፍል የመስመር መረብ) ተከፍሎ፣ ስህተቱን ከነሥዕሉ እያሳየ ያስተምራል። የሮበርት ብሪንግኸርስት «ዘ ኤለመንትስ ኦቭ ታይፖግራፊክ ስታይል» (1992) ግን ቁጥር በተሰጣቸው ደንቦች የተሞላ ነው፤ ሥዕሉ ጥቂት፣ ንባቡ ብዙ። ጀማሪ ከሆናችሁ ላፕተንን አስቀድሙ። መጽሐፍ ወይም መጽሔት የምታሰናዱ ከሆነ ግን ብሪንግኸርስት የማይታለፍ ነው።

በግዕዝ ፊደል ለሚሠራ ሰው አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። ብሪንግኸርስት በአንድ መስመር ከ45 እስከ 75 ሆሄ ጥሩ ነው፣ 66 ደግሞ ተመራጭ ነው ይላል። ይህ ግን የላቲን ቆጠራ ነው። «ሰላም» በእኛ 3 ፊደል ነው፤ በላቲን ሲጻፍ 5 ይሆናል። የእኛ ፊደል በወርዱም ሰፋ ይላል። ስለዚህ 66 ፊደል ብትደረድሩ መስመሩ ከመጠን በላይ ይረዝምና የአንባቢው ዓይን የሚቀጥለውን መስመር መጀመሪያ ይስታል። 40 አካባቢ ጀምራችሁ እያያችሁ አስተካክሉ። ስለ ትልቅና ትንሽ ሆሄ የተጻፉትን ክፍሎች ዝለሏቸው፤ እኛ ጋ የሉም።

ገጾቻችሁ እርስ በርስ የማይተዋወቁ ከመሰላችሁ የዮሴፍ ሙለር-ብሮክማን የግሪድ መጽሐፍ፣ «ግሪድ ሲስተምስ ኢን ግራፊክ ዲዛይን» (1981)፣ ነው መድኃኒቱ። ደረቅ ነው፤ ግን ሂሳቡን አንዴ ከያዛችሁት አይለቃችሁም። ለምሳሌ ገጹ 58 መስመር ቢይዝና ወደ ታች 4 ክፍል ብትፈልጉ፣ በክፍሎቹ መካከል 3 ባዶ መስመር ይቀነሳል፤ 55 ለ4 ሲካፈል 13.75 ይመጣል። ፎቶው ከጽሑፉ መስመር ጋር የማይገጥመው በዚህች ትርፍ ነው። ገጹን 59 መስመር ብታደርጉት 56 ለ4 ይካፈላል፤ እያንዳንዱ ክፍል ድፍን 14 መስመር ይሆናል። ብዙ ሰው ግሪዱን በሚሊሜትር ከፍሎ ጽሑፉን በኋላ ስለሚያስገባበት ነው የሚቸገረው።

የዮሴፍ አልበርስ «ኢንተራክሽን ኦቭ ከለር» (1963) ከሁሉም ይለያል። አንብቦ መጨረስ ዋጋ የለውም፤ ልምምዱ መሠራት አለበት። ከአንድ ግራጫ ወረቀት ሁለት ትንንሽ ቁራጭ ቁረጡ፤ አንዱን ጥቁር፣ ሌላውን ነጣ ያለ ወረቀት ላይ አኑሩ። ጥቁሩ ላይ ያለው ፈክቶ፣ ሌላው ጠቁሮ ይታያል። ካልሠራ አብዛኛውን ጊዜ ቁራጩ ከመደቡ አንጻር ትልቅ ስለሆነ ነው፤ አሳንሱት። ቀለም ከመበጥበጥ ወረቀት የሚሻለውም ያው ግራጫ ያለ ለውጥ ስለሚደገም ነው። የቀለም ኮድ ወይም የተዘጋጀ የቀለም ቅንብር ፈልጋችሁ ከሆነ ግን አትግዙት፤ ውስጡ የለም።

ስለ ፈጠራ የተጻፉት ላይ እምነታችን አናሳ ነው። አብዛኞቹ አንድን ሐሳብ ወደ ሁለት መቶ ገጽ ያራዝማሉ። የጄምስ ዌብ ያንግ ትንሿ መጽሐፍ «ኤ ቴክኒክ ፎር ፕሮዲዩሲንግ አይዲያስ» ግን በአምስት እርምጃ ትጨርሳለች፦ መረጃ መሰብሰብ፣ ማገላበጥ፣ መተው፣ ሐሳቡ ሲመጣ መቀበል፣ ከዚያ ለሥራ እንዲበቃ መሞረድ። ሰው የሚወድቀው የመጀመሪያው ላይ ነው፤ ሳይሰበስብ ወደ «መተው» ይዘላል። የኦስቲን ክሊዮን «ስቲል ላይክ አን አርቲስት» (2012) ለማነቃቃት ጥሩ ነው፤ ዘዴ ፈልጎ ለሚገዛው ግን ቀላል ይሆንበታል።

ኤሌክትሮኒክ ወይስ ወረቀት? ያንግና ክሊዮን በስልክም ይነበባሉ። የግሪዱ መጽሐፍ ሁለት ገጽ በአንዴ ካልታየ ትርጉሙ ግማሽ ነው፤ አልበርስም የስክሪኑ ቀለም ከመሣሪያ መሣሪያ ስለሚለያይ በወረቀት ይሻላል። የሙለር-ብሮክማንን ስታዝዙ ሽፋኑ ላይ ጀርመንኛ ብታዩ አትደንግጡ፤ እንግሊዝኛውም አብሮ እዚያው ታትሟል።