ኤምሲዩቡት በኤንአርኤፍ52840 ላይ፦ ምርጥ ቡትሎደር ነው፣ ማረጋገጫውን የት እንደምትጠሩ ግን ተጠንቀቁ

ደንበኛ እጅ የገባን ዕቃ ፈርምዌር (ቺፑ ውስጥ የሚሠራውን ፕሮግራም) ከርቀት ለማደስ ካሰባችሁ፣ ቺፑም ባለ 32 ቢት ከሆነ፣ ቡትሎደር (ዕቃው ሲበራ ቀድሞ ሠርቶ ፈርምዌሩን የሚያስነሳ ትንሽ ፕሮግራም) ከባዶ አትጻፉ፤ ኤምሲዩቡትን ውሰዱ። ክፍት ምንጭ ነው፣ ዜፈር ከተባለው የአነስተኛ መሣሪያዎች ኦፐሬቲንግ ሲስተም ጋር ተስማምቶ ይሠራል፣ በስዋፕ (አዲሱና አሮጌው ፈርምዌር ቦታ ሲለዋወጡ) መሃል ኃይል ቢቋረጥም ካቆመበት ይቀጥላል።

ቦታ ግን ይበላል። የኤንአርኤፍ52840 ቺፕ 1 ሜጋባይት ፍላሽ በዜፈር ነባሪ ክፍፍል 48 ኪሎባይቱ ለቡትሎደሩ፣ 472 ኪሎባይት ለእያንዳንዱ ስሎት (አንዱ ለሚሠራው፣ ሌላው ለሚመጣው ፈርምዌር)፣ 32 ደግሞ ለዳታ ማስቀመጫ ይሄዳል። ለአፕሊኬሽኑ የሚደርሰው ከግማሽ በታች ነው። የስዋፑ መዝገብ በስሎቱ መጨረሻ ስለሚቀመጥ 472ቱንም እስከ ጫፍ መሙላት አይቻልም። ባለ 8 ቢት ለሆነው ኤቲሜጋ328ፒ አይሆንም፤ እዚያ 512 ባይት ብቻ የሚይዘው ኦፕቲቡት ይበቃል፣ ፈርምዌሩ ከባለቤቱ መምጣቱን የሚያሳየውን ዲጂታል ፊርማ ግን አይፈትሽም።

አነሳሱ ላይ ብዙ ሰው የሚሰናከለው በፈርምዌሩ መጀመሪያ ላይ በሚቀመጠው የመረጃ ክፍል፣ በ512 ባይቱ ሄደር ነው። ትክክለኛው ሄደር 32 ባይት ብቻ ነው። ቀሪው ባዶ ቦታ የተተወው የአፕሊኬሽኑ ቬክተር ቴብል (የመነሻ አድራሻዎቹ ሰንጠረዥ) የቺፑ ፕሮሰሰር ኮርቴክስ ኤም4 በሚፈልገው አድራሻ ላይ እንዲያርፍ ነው። ቡትሎደሩ ከሄደሩ ቀጥሎ ያለውን የመጀመሪያ ቃል ወደ ስታክ ፖይንተር ይጭንና ሁለተኛው ቃል ወደያዘው የሪሴት ሃንድለር (መጀመሪያ የሚሠራው ኮድ) አድራሻ ይዘላል። አፕሊኬሽኑ ከ0 አድራሻ እንዲነሳ ሊንክ ከተደረገ (ኮዱን አድራሻ በሚሰጠው በሊንከሩ ከተቀናበረ) ወይም 512ቱ ከተረሳ፣ ሎጉ ወደ መጀመሪያው ስሎት እንደሚዘል ጽፎ ጸጥ ይላል። ይህን ስታዩ መጀመሪያ የሊንከሩን መነሻ አድራሻ ፈትሹ።

የዚህ ቡትሎደር ትልቁ ሀብት የሙከራ ስዋፕ ነው። አዲሱ ፈርምዌር አንድ ጊዜ ይነሳል፤ ራሱን ካላረጋገጠ በሚቀጥለው ሪሴት አሮጌው ይመለሳል። ታዲያ ብዙ ፕሮጀክቶች የማረጋገጫውን ጥሪ የፕሮግራሙ ዋና ፈንክሽን ሜይን ገና ሲጀምር፣ የመጀመሪያው መስመር ላይ ያስቀምጡታል። እንዲህ ከሆነ መመለሻው ዋጋ የለውም፤ ኮዱ ተነስቶ ሬዲዮው ባይሠራ እንኳ ተረጋግጧል፣ ዕቃውን ከርቀት የምትደርሱበት መንገድም ተዘግቷል። ጥሪው መምጣት ያለበት ዕቃው ከሰርቨር ጋር ተገናኝቶ ቀጣዩን ዝማኔ መቀበል እንደሚችል ካሳየ በኋላ ነው። በተወሰነ ጊዜ ካልተሳካለት ራሱን ሪሴት ያድርግ። ዝማኔውን ስትጠይቁም የሙከራውን ዓይነት ምረጡ፤ ቋሚው መመለሻ የለውም።

ቁልፉን አደራ። ከኮዱ ጋር አብሮ የሚመጣው የመፈረሚያ ቁልፍ ለልምምድ የተቀመጠ ነው፣ የግል ክፍሉም ኢንተርኔት ላይ ለሁሉም ክፍት ነው። በእሱ ፈርሞ ዕቃ መሸጥ በሩን ሳይቆልፉ እንደ መሄድ ነው። ኢምግቱል በተባለው የኤምሲዩቡት መፈረሚያ ፕሮግራም የራሳችሁን የኢሲዲኤስኤ ፒ256 (የዲጂታል ፊርማ ዓይነት) ቁልፍ አውጡ፣ ቡትሎደሩን በእሱ ኮምፓይል አድርጉ፣ የግሉን ክፍል ከኮድ ማከማቻው ውጭ አስቀምጡ።

ስዋፑ ጊዜ ይፈልጋል። አንድ ባለ 4 ኪሎባይት የፍላሽ ገጽ ለማጥፋት እስከ 85 ሚሊሰከንድ ይወስዳል። 200 ኪሎባይት ፈርምዌር 50 ገጽ ነው፤ በሁለቱ ስሎቶች ቢያንስ 100 ማጥፋት፣ ለ100ው ብቻ መጻፉን ሳይጨምር እስከ 8.5 ሰከንድ። በዚህ መሃል ዋችዶግ (በጊዜው ካልተመገበ ቺፑን ሪሴት የሚያደርግ ቆጣሪ) እየቆጠረ ከሆነና ቡትሎደሩ ካልመገበው ስዋፑ እየተቆራረጠ ይሄዳል፤ ስለዚህ የመመገቢያውን አማራጭ በቡትሎደሩ ኮንፊገሬሽን ላይ ክፈቱ።

ኤስቲኤም32ኤፍ4 ለያዘ ሰው ግን ምክራችን ይለያል። የዚያ ቺፕ ሴክተሮች (በአንድ ጊዜ የሚጠፉት የፍላሽ ክፍሎች) 16፣ 64 እና 128 ኪሎባይት እየሆኑ ስለሚለያዩ ስዋፕ አይመቻቸውም። ብዙዎች ወደ መጻፍ-በላዩ ዘዴ ይሄዳሉ፤ እሱ ደግሞ አሮጌውን ፈርምዌር ስለሚያጠፋ መመለስ የለም። ሁለተኛውን ስሎት ውጫዊ ፍላሽ ላይ ማድረግ ወይም ገጾቹ እኩል የሆኑ ቺፕ መምረጥ ይሻላል።