ያገለገለች ቪትዝ፦ ከሞዴሏ በፊት መሪዋን ይመልከቱ

አዲስ አበባ ውስጥ ገንዘቡን ቆጥሮ መኪና የሚፈልግ ሰው ደላላ ጋ ሲደርስ ከሚያያቸው የመጀመሪያዎቹ ሦስት መኪኖች አንዷ ቪትዝ መሆኗ አይቀርም። ቤንዚን አታበዛም፣ ጠባብ ቦታ ትቆማለች፣ መለዋወጫዋ ሶማሌ ተራ ሞልቷል፣ መልሰው ሲሸጧትም ብዙ አታከስርም። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ችግሩ «ቪትዝ» ተብላ የምትሸጠው አንድ መኪና አለመሆኗ ነው። ሦስት ትውልድ፣ ቢያንስ አምስት ዓይነት ሞተር፣ ሁለት ዓይነት አውቶማቲክ ካምቢዮ አላት፤ የተሠራችለት ገበያም ሁለት ዓይነት ነው።

ሻጭ የሚያወራው ስለ ሞዴል ነው። በፈረንጆች አቆጣጠር የ2003ቷ ከ2000ዋ ይህን ያህል ትበልጣለች ይባላል። ሃያ ዓመት ባለፋት መኪና ላይ የሦስት ዓመት ልዩነት ዋጋ የለውም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ያረጁ መኪኖችን ማስገባትን እጅግ አስወደደው፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖችን ማስገባት ተከለከለ። ስለዚህ አገር ውስጥ ያሉት ቪትዞች ናቸው እየተጠገኑ፣ እየተቀቡ፣ ከእጅ ወደ እጅ የሚዞሩት። በዚህ ገበያ ጥሩዋና የደከመችው የሚጠየቅባቸው ዋጋ ያን ያህል አይራራቅም፤ ልዩነቱ የሚወጣው ከገዙ በኋላ ጋራዥ ላይ ነው።

መጀመሪያ ሊብሬውን ይጠይቁና የሻንሲ ቁጥሩን ያንብቡ። ጃፓን በግራ መስመር ስለሚነዳ ለጃፓን ገበያ የተሠራች ቪትዝ ሁሉ መሪዋ በቀኝ ነው። እኛ ጋ የገቡት እነዚህ መኪኖች አብዛኞቹ ዱባይ ላይ መሪያቸው ወደ ግራ የተዛወረ ናቸው። ለአውሮፓና ለባሕረ ሰላጤው አገሮች የተሠራችው፣ በፋብሪካ ስሟ ያሪስ የሆነችው፣ ከመጀመሪያውም መሪዋ በግራ ነው። እዚህ ኋላዋ አጭር የሆነችው ሁሉ ቪትዝ ስለምትባል፣ አርማም ተነቅሎ ስለሚለጠፍ፣ በመልክ መለየት ያስቸግራል። ቁጥሩ ግን ይናገራል። «ኤስሲፒ10»፣ «ኤንሲፒ10»፣ «ኬኤስፒ90» ወይም «ኬኤስፒ130» ብሎ ጀምሮ ከሰረዝ በኋላ ሰባት አሃዝ ከተከተለው የጃፓን አገር ውስጥ መኪና ናት፤ ዛሬ መሪዋ ግራ ላይ ከሆነ ተዛውሯል ማለት ነው። ባለ 17 ምልክቱ ረጅም ቁጥር በ«ቪኤንኬ» ከጀመረ ፈረንሳይ ባለው የቶዮታ ፋብሪካ የተሠራች፣ በ«ጄቲ» ከጀመረ ጃፓን ለውጭ ገበያ የተሠራች ናት። መሪያቸው በቀኝ የሆነው፣ ለእንግሊዝ የተሠሩትም ረጅም ቁጥር ስላላቸው ቁጥሩ ብቻውን አይበቃም፤ መኪናዋንም ማየት ያስፈልጋል።

መሪ ማዛወር ክቡን ነቅሎ ማዶ መትከል ብቻ አይደለም። በሞተሩና በተሳፋሪው ክፍል መካከል ያለው ላሜራ ይበሳል፣ የቀድሞው ቀዳዳ በብየዳ ይደፈናል። የፍሬን ፔዳልና ዋናው የፍሬን ፓምፕ አብረው ይሻገራሉ፤ ሥራው ሲቸኮል ግን ፓምፑ በቀኝ ቀርቶ ፔዳሉ በረጅም ዘንግ ማዶ ለማዶ ይያያዛል። ሽቦው ተቆርጦ ይቀጠላል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ትውልዶች የፍጥነት መቁጠሪያ መሃል ላይ ስለሆነ ዳሽቦርዱን ማስተካከል ቀላል ነበር፤ ገዢ ሳያውቅ የሚያልፈውም ለዚህ ነው። በሦስተኛው ትውልድ መቁጠሪያው ሹፌሩ ፊት ስለመጣ ዳሽቦርዱ ራሱ መለወጥ አለበት፤ መጋጠሚያው ላይ ክፍተት ወይም የሚንቀጫቀጭ ነገር ካለ ያስጠረጥራል።

ምልክቶቹ እነዚህ ናቸው። ኮፈኑን ከፍተው ከሞተሩ ጀርባ ያለውን ላሜራ በባትሪ መብራት ይዩ፤ ከሌላው የተለየ ቀለም፣ ብየዳ ወይም ማስቲሽ ይታያል። የዝናብ መጥረጊያው ጥግ ድረስ ሳይደርስ የሚተወው ቦታ በሹፌሩ በኩል ከሆነ መጥረጊያው የቀኝ መሪ ነው። ማታ ከግድግዳ አምስት ሜትር ርቀው ዝቅተኛውን መብራት ያብሩ፦ ብርሃኑ ወደ ግራ ከፍ ካለ የጃፓን መብራት ነው፤ ከፊት የሚመጣውን ሹፌር ያሳውራል። ሬዲዮው ከመኪናዋ ጋር የመጣው ከሆነና ከ90 በላይ የማይሄድ ከሆነም የጃፓን ነው፤ 97.1 ወይም 102.1 አይይዝም። ይህችኛዋ ቀልድ ትመስላለች፣ ግን ስንት ሻጭ አጋልጣለች።

ፍሬኑን እንዲህ ይፈትኑ። ሞተሩ ጠፍቶ ፔዳሉን አራት ጊዜ ይርገጡ፤ ይጠነክራል። እንደረገጡ ያስነሱ፤ ፔዳሉ ትንሽ መስመጥ አለበት። ካልሰመጠ የፍሬኑ አጋዥ አይሠራም። ፔዳሉን በእጅ ወደ ጎን ሲገፉት የሚወዛወዝ ከሆነ ያ ረጅም ዘንግ በልቷል። መሪዋ የተዛወረ ሁሉ መጣል አለባት ማለት አይደለም፤ በንጽሕና ተሠርታ ዓመታት ያገለገለች አለች። ግን ዋጋዋ ከኦሪጅናሏ በግልጽ መውረድ አለበት፤ ኤርባጓንም እንዳለ አይቁጠሩት።

አሁን ወደ ሞተሩ። የመጀመሪያው ትውልድ በፈረንጆች አቆጣጠር ከ1999 እስከ 2005፣ ሁለተኛው ከ2005 እስከ 2010፣ ሦስተኛው ከ2010 መጨረሻ እስከ 2020 ተሠርቷል። የመጀመሪያው ባለ 1.0 ሊትር ሞተር አራት ፒስተን፣ የሁለተኛውና የሦስተኛው ባለ 1.0 ሦስት ፒስተን ነው፤ ሁሉም ወደ 70 የፈረስ ጉልበት ይጠጋሉ። ባለ 1.3ቱ ወደ 87 ነው፤ በሦስተኛው ትውልድ ከዚያም ይበልጣል። ይህ ቁጥር ግን የባሕር ጠረፍ ቁጥር ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሩ በሩብ ገደማ የሳሳ ነው፤ 70 የተባለው ወደ 53 ይወርዳል። ብቻቸውን ከቦሌ ሜክሲኮ ለሚመላለሱ ይበቃል። አራት ሰው ጭነው ኤሲ ከፍተው ከሽሮሜዳ ወደ እንጦጦ ለሚወጡ ግን አንደኛ ማርሽ ላይ ማቃሰት ነው። ቤተሰብ የሚጭን ሰው 1.3ን ይፈልግ፤ በ100 ኪሎ ሜትር አንድ ሊትር ያህል ቢጨምርበት ነው። «በሊትር 20 ትሄዳለች» የሚለውን ወሬ ለረጅም መንገድ ያቆዩት፤ በከተማ መጨናነቅ ከ13 እስከ 16 ከሰጠች ጤነኛ ናት።

እነዚህ ሞተሮች ሁሉ ቫልቮቹን የሚያንቀሳቅሱት በጎማ ቺንጋ ሳይሆን በካቴና፣ ማለትም በብረት ሰንሰለት ነው። በየ100 ሺህው የሚቀየር ቺንጋ የለም ማለት ነው፤ ግን ካቴናውን የሚያኖረው ዘይት ነው። በአቧራና በትራፊክ መሃል በየ5,000 ኪሎ ሜትር ዘይቱ ካልተቀየረ ካቴናው ይረዝማል፣ የፒስተን ፋሻው በዝቃጭ ይያዛል፣ ከዚያ ሞተሩ ዘይት መብላት ይጀምራል። የቪትዝ ትልቁ በሽታ ይኸው ነው፤ ማየትም ይቻላል፣ ግን በቀዝቃዛ ሞተር ብቻ። ቀጠሮው ጠዋት ይሁን። ሲደርሱ ኮፈኑን በእጅ ይንኩ፤ ከሞቀ ሻጩ አስቀድሞ አስነስቷታል፣ ሌላ ቀን ይመለሱ። ስትነሳ ከአንድ ሁለት ሰከንድ በላይ የሚያንቀጫቅጭ ብረት ድምፅ ካለ ካቴናው ነው። መጀመሪያ ላይ ብቻ ብልጭ የሚል ሰማያዊ ጭስ የቫልቭ ጎማ ነው፤ ርካሽ ነው። ቁልቁለት ወርደው እንደገና ቤንዚን ሲረግጡ ሰማያዊው ጭስ ከወጣም ወደዚያው ያመለክታል። አቀበት ላይ እየጎተተች ያለማቋረጥ ካጨሰች ግን ፋሻው ነው፤ ያ ሞተር ማውረድ ነው። የዘይት መሙያውን ክዳን ሞተሩ እየሠራ ከፍተው መዳፍዎን ይደግኑ፦ ቀለል ያለ ትንፋሽ ደንበኛ ነው፣ ጭስና ግፊት ከሆነ አይደለም።

የኮምፕረሽን (ፒስተኑ የሚፈጥረው ግፊት) መለኪያ ያለው መካኒክ ይዘው ይሂዱ። እዚህ ላይ አንድ የሚሳሳቱበት ነገር አለ፦ የጥገና መጽሐፉ ላይ ያለው ቁጥር የቆላ ስለሆነ አዲስ አበባ ላይ በሩብ ያህል ዝቅ ብሎ ይነበባል፤ ጤነኛውን ሞተር «ሞቷል» የሚሉ አሉ፣ ዋጋ ለማስቀነስ ሆን ብለው የሚሉም አሉ። መታየት ያለበት የፒስተኖቹ እርስ በርስ ልዩነት ነው። አንዱ ከሌላው ከ1 ባር በላይ ከወረደ ችግር አለ። በዚያ ፒስተን የካንዴላ ቀዳዳ ጥቂት ዘይት ጨምረው ሲለኩት ቁጥሩ ከዘለለ ፋሻ፣ ካልተንቀሳቀሰ ቫልቭ ወይም የቴስታታ ጓርኒሲዮን ነው።

ባለ ሦስት ፒስተኑ ሞተር የውሃ ፓምፑ ያንጠባጥባል፤ ከሞተሩ ውጭ ባለው የዲናሞ ቺንጋ በኩል የደረቀ ነጭ ወይም ሮዝ ምልክት ይፈልጉ። ቆሞ ሲሠራ መንቀጥቀጡ ተፈጥሮው ነው፣ ወንበር ድረስ ከመጣ ግን የሞተሩ ጎማ አልቋል። ሁለተኛው ትውልድ የሙቀት ጌጅ የለውም፤ ቀዝቅዞ ሲነሳ ሰማያዊ መብራት ይበራል፣ ጥቂት ደቂቃ ከተነዳ በኋላ መጥፋት አለበት። ብዙ ነድተውት ካልጠፋ ቴርሞስታቱ ተነቅሏል ወይም ተከፍቶ ቀርቷል። መንቀሉ «እንዳትሞቅ» ተብሎ የሚደረግ የታወቀ ጥፋት ነው፤ ሞተሩ ሁልጊዜ እንደቀዘቀዘ ስለሚሠራ ቤንዚን ያበዛል፣ ቶሎም ይበላል። አንዴ የሞቀች መኪና ልትሆንም ስለምትችል ራዲያተሩ ውስጥ የዘይት ቅባት እንደሌለ ያረጋግጡ።

የመጀመሪያው ትውልድ ዲጂታል መቁጠሪያ እየደበዘዘ መጥፋቱ የታወቀ ነው፤ ብየዳው ሲላቀቅ ነው፣ ኤሌክትሮኒክስ የሚጠግን ሰው ይሠራዋል። ኪሎ ሜትሩን ግን አይመኑ። የሃያ ዓመት መኪና 90 ሺህ ካሳየች የፔዳሉን ጎማ፣ የመሪውን ቆዳና የሹፌሩን ወንበር ጠርዝ ይዩ። ቁልፉን ሲከፍቱ የሞተርና የኤርባግ መብራቶች በርተው መጥፋት አለባቸው፤ ጭራሽ ካልበሩ አንድ ሰው አምፖሉን ነቅሏል።

ካምቢዮ ላይ አጭር ፍርድ፦ በትንሽ ገንዘብ የሚገዛ ሰው ማንዋል ይግዛ። ፍሪሲዮን ቢያልቅም የሚታወቅ ወጪ ነው። የመጀመሪያው ትውልድ ባለ አራት ማርሽ አውቶማቲክም ጠንካራ ነው። ከሁለተኛው ትውልድ የጃፓን አውቶማቲኮች ብዙዎቹ፣ ከሦስተኛው ደግሞ ሁሉም ማለት ይቻላል፣ ሲቪቲ ናቸው፤ ማለትም በማርሽ ፈንታ በብረት ቀበቶ የሚሠሩ። ሲቪቲ የራሱ ዘይት አለው፤ ተራ የካምቢዮ ዘይት ከተጨመረበት የብረት ቀበቶው ይንሸራተታል፣ ከዚያ በኋላ ጥገናው ከመኪናዋ ዋጋ ጋር ይወዳደራል። ከ20 እስከ 40 ኪሎ ሜትር ላይ የምትንቀጠቀጥ፣ ከኋላ ማርሽ ወደ ፊት ስትቀየር የምትዘገይ፣ አቀበት ላይ የምታፏጭ ከሆነች ይመልሷት።

የእግሩ ነገር ቀላል ነው። ቴስቲና፣ የማመጣጠኛው ማያያዣ፣ የታችኛው ክንድ ጎማ፣ ሁሉም ያንኳኳሉ፣ ሁሉም ርካሽ ናቸው፤ ለዋጋ መከራከሪያ ይጠቅማሉ እንጂ ለመተው ምክንያት አይሆኑም። ላሜራው ላይ ማግኔት በስስ ጨርቅ ይሞክሩ፤ በፓራፋንጎና በበሩ ላይ ስቱኮ መኖሩ የተለመደ ነው፣ ጣሪያው ወይም የበሩ ምሰሶ ላይ ካለ ግን ተገልብጣለች ወይም ክፉኛ ተጋጭታለች ማለት ነው።

ወረቀት ላይ፦ የሻንሲና የሞተር ቁጥሩ ከሊብሬው ጋር አንድ ይሁን፣ የዘመኑ ቦሎ ይኑራት፣ የባንክ እዳና እገዳ አለመኖሩ ይጣራ፣ ከቀረጥ ነፃ የገባች እንዳልሆነች ይረጋገጥ። በውክልና ብቻ አይግዙ፤ ወካዩ ከሞተ ውክልናው አብሮ ይቀራል። ኮድ 3 ሆና በታክሲ አገልግሎት የዋለችን የቤት መኪና ዋጋ አይስጧት።

በዚሁ ገንዘብ አካባቢ ያሉት ሌሎቹስ? ዲኤክስ ኮሮላ የትም የምትጠገን ናት፣ ግን ዕድሜዋ ከባለቤቷ ሊበልጥ ይችላል፤ ኤርባግ የሚባል ነገር የላትም። ሊፋን በዓመተ ምሕረቷ ወጣት ናት፣ ሆኖም አምራቿ በፈረንጆች 2020 የኪሳራ ሂደት ውስጥ ከገባ ወዲህ መለዋወጫ ማደን ሥራ ሆኗል። ስለዚህ ምርጫው እንዲህ ነው፦ አንደኛ፣ ከፋብሪካ መሪዋ በግራ የሆነች የመጀመሪያው ትውልድ ማንዋል፣ ቢቻል 1.3። ሁለተኛ፣ ኦሪጅናል ግራ መሪ ያላት የሁለተኛው ትውልድ ባለ 1.0 ማንዋል። መሪዋ የተዛወረና ሲቪቲ የሆነች ሦስተኛ ትውልድ ውጫዊ ውበቷ ያማልላል፤ ኪሱ ጠባብ ለሆነ ሰው ግን የማትሆን ናት።

ከዋጋው ላይ ከ10 እስከ 15 በመቶ ለመጀመሪያው ወር ያስቀሩ። በገዙ ማግስት ዘይትና ፊልትሮ ይቀይሩ፤ እንደ ሞተሩ ዓይነት ከ3 እስከ 3.7 ሊትር 5ደብልዩ-30 ይበቃታል። የራዲያተሩን ውሃ አፍስሰው ኩላንት ይሙሉ፣ ካንዴላዎቹን አውጥተው ይዩ፣ የካምቢዮውን ዘይት ይተኩ፣ የተነቀለ ቴርሞስታት ካለ ይመልሱ። ከዚያ የዘይቱን ደረጃ ምልክት አድርገው 1,000 ኪሎ ሜትር ከነዱ በኋላ እንደገና ይለኩ፤ ግማሽ ሊትር ከጎደለ ወደፊት ለሞተር የሚሆን ገንዘብ ከአሁኑ ማጠራቀም ይጀምሩ።