«ሙሉ የባለሙያ ጥቅል» የሚባለውን የኒኮን ካሜራ ከመግዛታችሁ በፊት

ፎቶ አንሺዎች፣ በተለይ የሰርግ ሥራ ለመጀመር ገንዘብ ያጠራቀማችሁ፣ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ይህን አንብቡ። ያገለገለ ኒኮን ዜድ 6 ካሜራ፣ የድሮ የኒኮን ሌንሶችን እዚህ አዲስ ካሜራ ላይ የሚያስገጥመው ኤፍቲዜድ የተባለ አዳፕተር፣ ከዚያም ባለ 50፣ ባለ 85 እና ባለ 80-200 ሚሊ ሜትር ሌንሶች በአንድ ሻንጣ ተደርድረው «ሙሉ የባለሙያ ጥቅል፣ ሁሉም አውቶፎከስ» እየተባሉ ይሸጣሉ። አንድ ወዳጄ የገዛውን እንዲህ ያለ ሻንጣ እንዳይለት አምጥቶልኝ ነበር። ካሜራው ደህና ነው፣ አዳፕተሩም ትክክለኛው ነው። ሦስቱ ሌንሶች ግን በዚያ ካሜራ ላይ በራሳቸው ፎከስ አያደርጉም፤ ምስሉን የሚያጠራው በእጅ እያዞረ ነው። ሻጩ ሲጠየቅ «ሶፍትዌሩ ሲታደስ ይስተካከላል» ብሎ መለሰ። ውሸት ነው! የሌለ ሞተር በሶፍትዌር አይበቅልም።

ነገሩ ሥር አለው። ኒኮን ከ1959 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሌንስ መግጠሚያውን ሳይለቅ ቆይቷል። አውቶፎከስ ሲመጣ ሞተሩን ካሜራው ውስጥ አኖረው፤ ከካሜራው የምትወጣ ትንሽ ዘንግ ሌንሱን ታሽከረክራለች። ካነን በአንጻሩ በ1987 የቀድሞ መግጠሚያውን ጥሎ ሞተሩን ሌንሱ ውስጥ አስገባ፣ ግንኙነቱንም በኤሌክትሪክ ብቻ አደረገ። የድሮ ሌንስ ለነበራቸው ደንበኞቹ መራራ ውሳኔ ነበር፤ ፍሬው የታየው ግን ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ሶኒ በ2013 አልፋ 7 የተባለውን ካሜራ አውጥቶ ገበያውን ሲያምስ፣ የካነን ሌንስ የነበራቸው ሰዎች በአዳፕተር ወደ ሶኒ መሻገር ቻሉ። በ2018 ካነንና ኒኮን በየፊናቸው አዲስ መግጠሚያ ይዘው ሲመጡም የካነን አሮጌ ሌንሶች በአዲሱ ካሜራ ላይ አውቶፎከሳቸውን አላጡም። ኒኮን ግን አዲሱ ካሜራም ሆነ ኤፍቲዜድ ውስጥ ያችን ዘንግ የሚያዞር ሞተር አላስገባም። በ2021 የወጣው ሁለተኛው ኤፍቲዜድም የለውም። ሶኒ እንኳ በ2020 ለራሱ አሮጌ ሌንሶች ሞተር ያለው አዳፕተር ሠርቷል፤ የኒኮን ንፍገት እስከ ዛሬ አይዋጥልኝም።

ባለሙያው ወደ አዲሱ ካሜራ ሲሻገር እነዚህ ሌንሶች ገበያ ላይ ረከሱ። ሻጭ በርካሽ ይሰበስባቸውና ከአዲሱ ካሜራ ጋር አስሮ በውድ ይሸጣቸዋል።

መለየቱ ቀላል ነው። ሌንሱን ፈትታችሁ የኋላ ብረቱን ተመልከቱ። በጠፍጣፋ መፍቻ የሚዞር ብሎን የመሰለች፣ መሃሏ የተሰነጠቀ ትንሽ ክብ ካለች ያ ሌንስ የካሜራውን ሞተር የሚጠብቅ ነው። ስሙ ላይ ኤኤፍ-ኤስ ወይም ኤኤፍ-ፒ የሚል ካለ በኤፍቲዜድ ይሠራል። ከቁጥሩ ጎን ያለችው ዲ ፊደል ሌንሱ ሞተር የለውም ለማለት ብቻዋን አታስፈርድም፤ ዲ ያለው ኤኤፍ-ኤስ ሌንስም አለ።

ሌንሶቹ መጥፎ አይደሉም፤ ባለ 85ቱ በተለይ የሚወደድ ሌንስ ነው። እንደ ዲ 850 ባለ ሞተሩ የኒኮን ካሜራ ላይ በሚገባ ይሠራሉ። ስቱዲዮ ውስጥ ተረጋግቶ የሚያነሳ ሰውም በእጁ እያዞረ ሊጠቀምባቸው ይችላል። ሙሽሮቹ በጭብጨባ ወደ አዳራሹ ሲገቡ ግን በእጅ ለማዞር ጊዜ የለም፤ ግቡልኝ ብላችሁ ደግማችሁ አታስገቧቸውም።

ካሜራውንም ቢሆን በቃል አትመኑ። የዜድ 6 ሹተር፣ ማለትም ፎቶ ሲነሳ የሚከፈትና የሚዘጋው መጋረጃ፣ የተፈተነው ለ200,000 ጊዜ ነው። በአንድ ሰርግ 2,000 ፎቶ የሚያነሳ ሰው በ100 ሰርግ ይደርስበታል። ሻጩ የፎቶውን ፋይል ቁጥር አሳይቶ «ገና 3,000 ነው» ቢላችሁ አትቀበሉ፤ ያ ቁጥር 9999 ሲደርስ ወደ መጀመሪያው ይመለሳል። ኒኮን እውነተኛውን ቆጠራ በየፎቶው ፋይል ውስጥ ይጽፈዋል። በራሳችሁ ካርድ በሹተሩ አንድ ፎቶ አንሡና በኮምፒውተር አስነብቡት።

ቦዲውን (ካሜራውን ያለ ሌንስ) እና አዳፕተሩን ለብቻ ዋጋ ጠይቁ። ሻጩ ነጥዬ አልሸጥም ካለ፣ ሌንሶቹን ተራ በተራ እዚያው ገጥማችሁ የማንሻውን ቁልፍ በግማሽ ተጫኑ። ሌንሱ ካልተንቀሳቀሰ ገንዘባችሁን ይዛችሁ ውጡ።