ደሴ ፒያሳ ያየሁት የአልትራሳውንድ አገልግሎት፦ ባለሙያዋ ወርቅ፣ ወረፋው ጉድ

አክስቴን ይዤ ከኮምቦልቻ የሐረጎን ዳገት የወጣነው ማክሰኞ ጠዋት ነው። የወር አበባዋ ከቆመ ከአሥር ዓመት በኋላ ድንገት ደም ታያት። "የድካም ነው" ብላ ሁለት ወር ደበቀችን፣ እሷን ማን ይናገራት!

ማዕከሉ የግል ነው፣ ስሙን አልጠራም። ሦስት ሰዓት ኑ ተብለን ሰባት ሰዓት ተኩል ገባን፣ ያውም ፊኛሽ ይሙላ ተብላ ውሃ ስትጠጣ ያረፈደች ሴት ሽንቷን ይዛ።

ባለሙያዋ ግን አንጀት ታርሳለች። መጀመሪያ በሆድ በኩል አየች፣ ከዚያ በብልት በኩል የሚገባው መሣሪያ ማህፀንን ከቅርብ ስለሚያይ የውስጠኛውን ሽፋን ውፍረት በደንብ እንደሚለካ አስረድታ፣ ፈቃዷን ጠይቃ፣ በነጠላዋ ሸፍና ሠራችላት። ካረጠች በኋላ ደም ያየች ሴት ሽፋኑ ከ4 ሚሊ ሜትር ካለፈ ብዙ ጊዜ ናሙና ይወሰዳል። የአክስቴ 9 ሆነ። ደነገጥን። ምስሉ ብቻውን ካንሰር ነው ወይም አይደለም አይልም፣ የሚለየው ናሙናው ነው አለችን። ካንሰር ከሆነ ደግሞ ወደ ማህፀን ጡንቻ ምን ያህል እንደዘለቀ ለማየት ኤምአርአይ (በማግኔት የሚነሳ የውስጥ አካል ምስል) ይታዘዛል።

ውጤቱ ላይ የ63 ዓመቷን ሴትዮ 36 ብለው ጻፏት! እሷ ደስ ብሏት ነበር። እኔ ግን አስቀየርኩ፤ የወር አበባ ለምታይ ሴት 9 ምንም ላይሆን ይችላልና ሐኪሙ ወረቀቱን አይቶ "ደህና ነሽ" ቢላትስ?

የምትሄዱ ዕድሜውን እዚያው አንብቡ። ውሃውን ደግሞ ተራችሁ ሲቃረብ ጠጡ።